ኪሮስ ከወንበሬ ሥር ያሰረው ነፋስ

ኪሮስ መሞቱን የነገረችኝ ቲማቲም የምትሸጥልኝ ሴት ናት። «ያ ሾፌር ወዳጅሽ አረፈ አሉ» አለችኝና መመዘኗን ቀጠለች። ወዳጄ አልነበረም። ይህንኑ ነገርኳት፤ አላመነችኝም። ሰቆጣ ውስጥ ስለ ኪሮስና ስለ እኔ እውነቱን ተናግሬ የታመንኩበት ቀን የለም።

ለቅሶው ላይ ስደርስ ደግሞ የተቀበረው ሌላ ሰው ሆኖ አገኘሁት። ትሑት፣ ጨዋ፣ ዝምተኛ ሰው። ዝምተኛ! ተናጋሪው ሽማግሌ «ይህ ዝምተኛ ወንድማችን» ሲሉ ከጎኔ የተቀመጠችው የድሮ መሥሪያ ቤታችን የጽዳት ሠራተኛ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ያዩ ሰዎች በልቅሶ የደከመች መስሏቸው ውኃ አመጡላት። እሷ ግን እየሳቀች ነበር። እኔንም ሳቅ ያዘኝ፤ ግን እኔ ሰው ፊት የምስቅ ሴት አይደለሁም። ቤቴ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ስጨርስ ተናደድሁ። ሰው ስለሞተ ብቻ እንዲህ ታጥቦ ታጥቦ ማንንም ይመስላል እንዴ? ኪሮስ ማንንም አይመስልም ነበር። ጉረኛ ነበር። ለፍላፊ ነበር። እኔን ደግሞ በአንድ ትልቅ ነገር በድሎኛል። በደሉ ለቅሶው ላይ እንደ ጽድቅ ሲወራ ስለሰማሁ ነው ይህን የምጽፈው።

ሰውየው አጭር ነው። ደረቱ ግን ከእሱ ቀድሞ ነው የሚገባው። ጢሙን በመኪናው መስታወት ያበጥራል፤ ተሳፋሪው ፀሐይ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። መኪና ሥር የሚገባው ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ነው። «ጥሩ መካኒክ አይቆሽሽም» ይላል። ሁልጊዜ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ያኔ ደግሞ «ይሄ የመኪናው ጥፋት ነው» ይላል። ስለ ራሱ ሲያወራ «እኔ» ማለት ያንሰዋል፤ «ኪሮስ እንዲህ አደረገ፣ ኪሮስ እንዲህ አለ» ነው የሚለው፤ እዚያው ፊትህ ተቀምጦ። ሞተር አልነሳ ሲለው በኽምጣንኛ ይሰድበዋል። አንድ ቀን ለምን በአማርኛ እንደማይሰድበው ብጠይቀው፣ «አማርኛ ለአለቃ ነው፣ ትግርኛ ለገበያ ነው፤ መኪና የሚገባው ኽምጣንኛ ብቻ ነው» አለኝ።

እኔ በዚያን ጊዜ፣ በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ በጤና ጽሕፈት ቤቱ የክትባት ሠራተኛ ነበርሁ፤ ኪሮስም የዚያው ቤት ሾፌር ነበር። ያችን ሥራ ያገኘኋት በጥርሴ ነው። ትምህርቴን ጨርሼ ስመጣ ኃላፊያችን አቶ ተገኘ «ሴት ልጅ ቆላ አትችልም» ብሎ ካርድ ክፍል አስገባኝ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ አንቱ ብዬዋለሁ፤ አሁን ጡረታ ስለወጣሁ አንተ ብዬ እጽፈዋለሁ። ካርድ ክፍል ማለት መስኮት የሌለው፣ የአቧራና የአይጥ ሽታ ያለው፣ የሰው ስም ስትፈልግ ዕድሜህ የሚያልቅበት ቤት ነው። ከዚያ ለመውጣት የጻፍሁት ማመልከቻ፣ የጠበቅሁበት በር፣ የዋጥሁት ንግግር ይቆየኝ። በመጨረሻ አበርገሌን ሰጠኝ። የሰጠኝ ማንም ስላልፈለገው ነው።

ከሰቆጣ ወደ አበርገሌዋ ከተማ ወደ ኒሯቅ የሚወስደው መንገድ ያኔ መንገድ ለመባል ደግ ሰው ይፈልግ ነበር። ቁልቁለቱ ስለታም ድንጋይ ነው። ከዚያ የደረቀው ወንዝ ይመጣል፤ እሱ ደግሞ አሸዋ ነው። አሸዋውን ለመሻገር ከጎማዎቹ ነፋስ መቀነስ አለበት፤ ጎማው ካልተነፈሰ መኪናው እስከ ሆዱ ይሰምጣል። ከተሻገሩ በኋላ ደግሞ ወዲያኛው ድንጋይ ጎማውን እንዳይቆርጠው መልሶ መንፋት ያስፈልጋል። የምንነፋው በእግር በሚረገጥ ፖምፓ ነበር። ኪሮስ ይረግጣል፣ ያርፋል፣ ስለ ራሱ ያወራል፤ እኔ እረግጣለሁ፤ ፀሐይዋ ከላይ ትቀቅለናለች። ጎማዎቹ እስኪሞሉ በክትባት ሳጥኔ ውስጥ ያለው በረዶ ውኃ ይሆናል። ክትባቱ ከሞቀ ዋጋ የለውም፤ አንድ ልጅ ሳልወጋ እመለሳለሁ። ይህ ሲደጋገም አቶ ተገኘ ስብሰባ ላይ፣ በሁሉም ፊት፣ «የሚቀጥለው ጉዞ ካልተሳካ ሲስተር ትርንጎ ወደ ካርድ ክፍሏ ትመለሳለች፤ ኒሯቅን ወንድ ይይዘዋል» አለ።

ስወጣ ኪሮስ በሩ ላይ ጠበቀኝ።

«አይዞሽ፣ ኪሮስ እያለ አትጨነቂ።»

«የምጨነቀው ኪሮስ ስላለ ነው» አልሁት።

በዚያው ሰሞን መኪናውን ለሰርቪስ አዲስ አበባ ይዞ ሄዶ ነበር። ሲመለስ አንድ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ነገር ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ገባ። ግቢው መሃል ቆሞ ሠራተኛው ሁሉ እስኪሰበሰብ ጠበቀ። ከዚያ ከረጢቱን ገለጠው። በባትሪ የሚሠራ ኮምፕሬሰር ነበር፤ የጎማ መንፊያ ማሽን። ከዕቃ ተራ ነጋዴ ጋር ሲጨቃጨቅ ውሎ ያገኘው ነው።

«መኪናዋ ከእንግዲህ ሳንባ አላት» አለ።

ሳንባውን የት እንደሚያስቀምጠው ግን አላሰበበትም። መጀመሪያ ኮፈኑን ከፍቶ ከባትሪው አጠገብ ወሸቀው፤ ኮፈኑ አልዘጋ አለ። በዚያ ላይ የሞተሩ ሙቀት ያቃጥለዋል። ከኋላ ሊያስረው ሲሄድ ሳጥኖቼ ፊት ቆምሁ። «ሳጥኖቼን ብትነካ እጅህን እወጋዋለሁ» አልሁት፤ መርፌው ደግሞ እጄ ላይ ነበር። ዞር ዞር ብሎ አሰበ። ከዚያ ጋቢና ገባና የእኔን ወንበር ከነብሎኑ ነቀለው።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ላስቀምጠው ነዋ።»

«እኔስ የት ልቀመጥ?»

«ከላዩ። ማን እንዳንቺ የሚጮህ ወንበር አለው?»

ያን ሥራ ሲሠራ ማየት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ይላል። ይህን በሕይወት ሳለ አልነገርኩትም፤ የባሰ ደረቱ ይነፋ ነበር። ወፍራሙን ቀይ ሽቦ ከባትሪው አስነሣና ሞተሩን ከጋቢናው የሚለየውን ላሜራ በስቶ ወደ ውስጥ አሾለከው። የላሜራው ጠርዝ ሽቦውን እየፈተገ እንዳይልጠው ቀዳዳውን በላስቲክ አለበሰው። ላስቲኩ የኔ ነጠላ ጫማ ነበር። ቢሮ ውስጥ የማስቀምጠው። ግራውን ብቻ ቆርጦ ቀኙን በክብር ቦታው መለሰው። ባትሪው አጠገብ ፊውዝ አሰረ። ከመሪው ፊት ያለውን ክሩስኮት በስቶ ትንሽ ማብሪያ ተከለ። በማብሪያዋና በማሽኑ መካከል ደግሞ ሪሌ የሚሏትን ትንሽ ጥቁር ሳጥን አስገባ።

«ይቺ ዘበኛ ናት» አለኝ። «ያን ሁሉ ኤሌክትሪክ ማብሪያዋ ላይ ብትለቂው ትቃጠላለች። ስለዚህ ማብሪያዋ ታዛለች፣ ዘበኛዋ ትልቁን በር ትከፍታለች።»

አልጠየቅሁትም ነበር።

ማሽኑን ወለሉ ላይ በብሎን አጥብቆ፣ ወንበሬን መልሶ፣ «ተቀመጪና ሞክሪው» አለኝ። ተቀመጥሁ። ማብሪያውን ተጫነው። ከሥሬ የተነሣው ጩኸት ይቅርና ንዝረቱ ጥርሴን ከጥርሴ አጋጨው። መነጽሬ አፍንጫዬ ላይ ወረደ፤ ሻሼ ተፈታ። «አጥፋው!» ልል ስሞክር ከአፌ የወጣው «አ-አ-አ-አ» ብቻ ነበር። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ኪሮስ ብሎኖቹን ሲያይ ዳዶዎቹ እየተፈቱ ወለሉ ላይ ሲንከባለሉ አገኛቸው። ያረጀ ጎማ ቆርጦ ከማሽኑ እግር ሥር አነጠፈ፤ ከዚያ በኋላ ንዝረቱ ለሰው የሚቻል ሆነ። ለእኔ ማለቴ አይደለም፤ ለሰው።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እሱ ግን «ነፋስ ካለ ጥሩምባ መኖር አለበት» አለ። ከአንድ የወደቀ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ የተነቀለ፣ ክንድ የሚያህል ጥሩምባ አምጥቶ ገጠመና ሙከራውን ጎህ ሲቀድ አደረገው። ለምን ጎህ ሲቀድ እንደሆነ ሲጠየቅ፣ «ከተማው ጸጥ ሲል ድምፁ በደንብ ይሰማላ!» ነው ያለው።

ተሰማለት። አንድ ረጅም፣ ሆድ የሚያባባ ድምፅ ከጤና ጽሕፈት ቤቱ ግቢ ተነሥቶ በሰቆጣ ላይ ተንከራተተ። በእኛ አገር ጎህ ሲቀድ ጥሩምባ ከሰማህ የሰማኸው አንድ ነገር ነው፤ ሰው ሞቷል፣ የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ጎረቤቱን እየጠራ ነው። ድምፁ የመጣው ደግሞ ከአቶ ተገኘ ቤት ጀርባ ነበር። አቶ ተገኘ ጉንፋን ይዞት ከሥራ ቀርቶ ሰንብቷል። ሰፈሩ ነገሩን አገናኘው።

እኔ የደረስሁት ጩኸቱን ሰምቼ ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው አጥሩን ተደግፈዋል፤ የዕድሩ ሰዎች ድንኳኑን ተሸክመው «የት እንትከለው?» ይላሉ። አንዲት ሴት «ወይኔ ወንድሜ! ወይኔ ደጉ ሰው!» እያለች ደረቷን ስትደቃ በሩ ተከፈተና ደጉ ሰው በጋቢ እንደተጠቀለለ፣ መፋቂያ አፉ ውስጥ ሰክቶ ወጣ። ሴትየዋ ከበፊቱ የበለጠ ጮኸች። አቶ ተገኘ ድንኳኑን አየ፤ ነጠላዎቹን አየ፤ ቀስ ብሎ መፋቂያውን ከአፉ አወጣ።

«ማን ነው የሞተው?» አለ።

ከሁሉም የተናደደው ግን የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ነበር። ከአልጋው እንደተነሣ ጥሩምባውን አንግቶ እየሮጠ መጣና ሕዝቡን ሰንጥቆ ገባ። «ያለ እኔ ማን ነፋ? ማን ነው ሥራዬን የነጠቀኝ?» ሲል ኪሮስ ከአጥሩ ጀርባ ብቅ ብሎ፣ «ድምፁ ግን እንዴት ነበር፣ ጋሼ?» አለው።

ጥሩምባው በዚያው ቀን በአቶ ተገኘ ትእዛዝ ተነቀለ። ኮምፕሬሰሩም ሊነቀል ነበር። ኪሮስ ለምኖ፣ ምሎ፣ የአንድ ጉዞ ዕድል አገኘለት። አቶ ተገኘ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ዕድሉ ያንቺም ነው፤ እሱ ካልሠራ ካርድ ክፍሉ ተጠርጎ ይጠብቅሻል» አለኝ። እንግዲህ ኑሮዬ በዚያ በሚጮህ ብረትና በዚያ በጉረኛ ሰው እጅ ወደቀ።

በማግስቱ ሄድን። አሸዋው ጋ ስንደርስ ኪሮስ ወርዶ የጎማዎቹን ነፋስ አስተነፈሰ፤ ተሻገርን። ከወዲያ ሞተሩን ሳያጠፋ ማብሪያውን ተጫነ። ከሥሬ ማሽኑ ተነሣ፤ እኔም አብሬ ተነሣሁ። ኪሮስ ቱቦውን ይዞ ከጎማ ወደ ጎማ እንደ ሙሽራ እየተንጎራደደ ሄደ። ወደ ገበያ የሚወርዱ ሰዎች ፍየሎቻቸውን ትተው ከበቡን። ጎማዎቹ ሲሞሉ ሳጥኑን ከፍቼ አየሁ፤ በረዶው ድንጋይ ነው።

«እሺ?» አለኝ ኪሮስ፣ ጢሙን እያሻሸ።

«ንዳ» አልሁት።

ኒሯቅ በረዷችንን እንደያዝን ገባን። ጠረጴዛዬን ዋርካው ሥር ዘረጋሁ፣ ነጭ ጋዎኔን ለበስሁ፣ ጠበቅሁ። ማንም አልመጣም። ልጆቹ ጋዎኑን ገና ከሩቅ ሲያዩ ወደ ቁጥቋጦው ተበተኑ፤ እናቶቻቸውም «እንዲህ እያለቀሰ እንዴት ላምጣው?» እያሉ ሸሹ። እስከዚያን ቀን ጠላቴ ጎማው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ያልሟሟ በረዶ አለ፣ ያልተበላሸ ክትባት አለ፤ የሚወጋ ልጅ ግን የለም። የካርድ ክፍሉ አቧራ እዚያው ዋርካው ሥር ሸተተኝ።

ኪሮስን ብፈልገው ገበያው ዳር ሰው ሰብስቧል። የትምህርት ቤቱን የተነፈሰ ኳስ ይነፋል። ኳሱ ሲሞላ ሕዝቡ አጨበጨበ። አንዱ የብስክሌት ካላማዳሪ ይዞ መጣ፤ አንዷ ቅቤ የምትንጥበትን ስልቻ አመጣች፤ ስልቻውም ተነፍቶ ሆዱ ሲወጠር ሴቶቹ በሳቅ ተንከባለሉ። በዚህ መሃል ኪሮስ ሞተሩን አጠፋ፤ ማሽኑ ብቻውን ሲዘፍን እንዲሰሙት።

«እኔ መርፌ ይዤ ቆሜ አንተ ገበያ ታደምቃለህ?» ብዬ ጮህሁበት።

«አንቺ ስትጠሪያቸው ይሸሻሉ፤ ኪሮስ ሳይጠራቸው ይመጣሉ። ጥፋቱ የማን ነው?»

ልመልስለት አፌን ስከፍት አንድ ሕፃን በእናቱ ጀርባ ላይ እንዳለ ከቱቦው የሚወጣው ነፋስ አገኘው። ጸጉሩ ቆመ። ዓይኑን ጨፍኖ ሳቀ፤ በሙሉ ሆዱ ነው የሳቀው። ከቁጥቋጦው ውስጥ የልጆች ራስ አንድ በአንድ ብቅ ማለት ጀመረ። ያኔ ነው የመጣልኝ። ለእኔ ነው የመጣልኝ፤ ይህን አስምሬ እጽፈዋለሁ፤ ለእኔ ለትርንጎ።

ቱቦውን ከኪሮስ እጅ ቀማሁና፣ «መጀመሪያ መርፌ፣ ከዚያ ነፋስ!» ብዬ ጮህሁ። «ክንዱ ላይ ጥጥ ያለው ልጅ ብቻ ነው የሚነፋለት!»

ኪሮስ አፉን ከፍቶ አየኝ። እሱን አፉን ከፍቶ ድምፅ ሳያወጣ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ቱቦውን ተቀብሎኝ እንደ ቤተ መንግሥት በረኛ ደረቱን ነፍቶ ቆመ። «ዓይናቸው ላይ እንዳትነፋ!» አልሁት። «ጥጥ አሳዩ! ጥጥ የሌለው ወደ ሐኪሟ!» ይላል እሱ። ሰልፉ ከዋርካው እስከ ፍየል ተራው ደረሰ። ልጆቹ ሲወጉ እንኳ ለማልቀስ ጊዜ አልነበራቸውም፤ ዓይናቸው ነፋሱ ላይ ነው። ተንኮለኞቹ የሌላ ልጅ ጥጥ ለጥፈው ይመጣሉ፤ ኪሮስ ጥጡን እንደ ጉምሩክ ሰው አንሥቶ የመርፌውን ቦታ ያያል። አንድ ሽማግሌ ክንዳቸውን ገልጠው ጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ።

«አባባ፣ ይህ ለሕፃናት ነው።»

«መርፌውን አልፈራውም፣ ልጄ። አንቺ ውጊኝና እሱ ጢሜ ላይ ይንፋልኝ።»

«መርፌው ለእርስዎ አይሆንም።»

«እንግዲያው ጥጡን ብቻ ስጪኝ።»

ሰጠኋቸው። ጢማቸው እንደ ባንዲራ ሲውለበለብ ገበያው በእልልታ ተናወጠ።

ሳጥኔ ባዶ ሆነ። ይህ ከዚያ በፊት ሆኖ አያውቅም። ዕቃዬን ጭኜ ጋቢና ገባሁና ኪሮስ ቁልፉን አዞረ። ጭጭ። እንደገና አዞረ። ማስነሻው ሞተሪኖ እንኳ አልተነፈሰም።

«ምን ሆነ?»

«ባትሪው ትንሽ ደክሞታል።»

«ሞተሩን ያጠፋኸው አንተ! ማሽኑ ባትሪውን ሲጠጣው ዋለ!»

«ሞተሩ ድምፁን ይሸፍንበታላ! ታዲያ ምን ይስሙ?»

ከዚያ ወዲያ ያልኩትን አልጽፈውም። በኽምጣንኛም ሰደብኩት፤ መኪናው ግን ስድቡ ቢገባውም አልተነሣም። ያዳነን ገበያው ነው። ሽማግሌው ጥጡን ክንዳቸው ላይ እንደለጠፉ መሪ ሆኑ። ነጋዴው፣ እናቶች ልጆቻቸውን እንዳዘሉ፣ ጥጥ የለጠፉ ልጆች ሁሉ፣ «ሆ! ሆ!» እያሉ ገፉ። እኔም ነጭ ጋዎኔን እንደለበስሁ ወርጄ ገፋሁ። ፍየሎቹ አብረው ይሮጣሉ። መኪናው ቁልቁለቱን ያዘ፣ ኪሮስ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ፣ ሞተሩ አንድ ጊዜ አስነጥሶ ተነሣ። እንዳይጠፋበት ፈርቶ ግን አልቆምም አለ! «ዝለዪ! ዝለዪ!» ይላል በመስኮት። ባዶ ሳጥኔን አቅፌ፣ ጋዎኔን ሰብስቤ ሮጥሁ። ኒሯቅ በሙሉ «በርቺ ሐኪሟ!» እያለ። በሩን ይዤ ተንጠለጠልሁ፤ ሽማግሌው ከኋላ ገፉኝና ወንበሬ ላይ በግንባሬ ወደቅሁ። ቀና ስል ኪሮስ እያየኝ ነው። ሳቅሁ። እስከ ወንዙ ድረስ ሁለታችንም መናገር አቅቶን ሳቅን። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ወሬው ግን ቀድሞን ሰቆጣ ገብቶ ነበር። በማግስቱ አቶ ተገኘ ሠራተኛውን ሰበሰበ። «ክትባት ሰርከስ ሆነ! የመንግሥት መኪና በፍየል ነጋዴ ተገፋ! ሽማግሌ ጥጥ ለጥፎ ሄደ!» እያለ ጠረጴዛውን መታ። «ይህን መርፌና ነፋስ የሚሉትን ጨዋታ ያሰበው ማን ነው? ያሰበው ሰው ከዛሬ ጀምሮ ከመስክ ሥራ ተነሥቷል።»

ኪሮስ ብድግ አለ። «ኪሮስ ነው ያሰበው» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ።

ደሜ ፈላ። እኔም ብድግ አልሁ። ካርድ ክፍሉ ፊቴ ላይ ነበር፤ አውቀዋለሁ። ግን በዕድሜዬ ሙሉ ካሰብሁት ሁሉ የሚበልጠውን ሐሳብ ያ ጉረኛ በሰው ፊት ሲወስድብኝ ቁጭ ብዬ ማየት አልቻልሁም።

«ውሸት ነው!» አልሁ። «ሐሳቡ የኔ ነው!»

አቶ ተገኘ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ሳቀ። አቶ ተገኘ ሲስቅ አይተን አናውቅም ነበር።

«ሲስተር ትርንጎ፣ አንቺ በሕይወትሽ ሰው አስቀሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። «እንዲህ ያለ ነገር ካንቺ ጭንቅላት አይወጣም። እሱን ለማዳን ነው። ደግነትሽን አይተነዋል፤ ተቀመጪ።»

«እርስዎ አልሰሙኝም፤ እኔ ነኝ ያልኩት፤ ሰው ይመስክር!»

«ተቀመጪ አልኩ።»

ሠራተኛው ሁሉ አንገቱን ዘንበል አድርጎ በሐዘኔታ አየኝ። የጽዳት ሠራተኛዋማ እንባዋን ጠረገች። በዚያች ደቂቃ ነው ከተማው እኔ ኪሮስን እንደምወደው የወሰነው። ኪሮስ መኪናውን አስረክቦ የግቢ ጥበቃ ላይ ተመደበ። እኔ፣ ሳጥኑን ባዶ አድርጌ ስለተመለስሁ፣ ኒሯቅ ጸናልኝ።

ከስብሰባው እንደወጣን ከግቢው በር ላይ ያዝኩት።

«ለምን ዋሸህ? ሐሳቤን ሰረቅኸኝ!»

«ካርድ ክፍል ብትገቢ ደስ ይልሽ ነበር?»

«ያ የኔ ጉዳይ ነው!»

«የኪሮስም ጉዳይ ነው» አለ፣ የጥበቃ ካፖርቱን እየሞከረ። እጅጌው ረዝሞበት ጣቶቹ አይታዩም። «አንቺ ጨለማ ቤት ከገባሽ ኪሮስን መንገድ ላይ ማን ይሰድበዋል?»

«እንዳመሰግንህ ከሆነ አላመሰግንህም!»

«ተመስገን» አለ። «ደህና ነሽ ማለት ነው።»

በሚቀጥለው ሳምንት ከአዲስ ሾፌር ጋር ሄድሁ። ለስላሳ፣ ሸሚዙ ንጹሕ፣ ስሙን እንኳ ሲጠራ የሚያፍር ሰው ነበር። አሸዋውን ተሻግረን ጎማ ልንነፋ ስንል ሞተሩን አጠፋና ማብሪያውን ሊጫን እጁን ሰደደ።

«ሞተሩን አስነሣ፣ አንተ ደንቆሮ!» ብዬ ጮህሁ። «ባትሪውን ልትገድለው ነው? ዓይንህን ለምን ትሸከመዋለህ?»

ሰውየው ደነገጠ። አንገቱን ደፋ። «ይቅርታ፣ ሲስተር» አለኝ።

መልሱን ጠበቅሁ። ያ ብቻ ነበር መልሱ። ሌላ፣ ከዚያ የሚበልጥ ስድብ ሞከርሁ፤ ኪሮስን ቢሆን እስከ ኒሯቅ የሚያስለፈልፈው ዓይነት።

«ልክ ነዎት፣ ሲስተር። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ።

ከወንዙ እስከ ኒሯቅ፣ ከኒሯቅም እስከ ሰቆጣ፣ ያን ሁሉ መንገድ፣ ይቅርታ ሲጠይቀኝ ውሎ ይቅርታ ሲጠይቀኝ ገባ።